ካሜራው በማን እጅ ነበር?

ሎረል ከዋሺንግተን ወደ ባልቲሞር በሚወስደው መንገድ እኩሌታ ላይ የምትገኝ፣ ከመካከላችን ብዙዎች ከሌሊት ሥራ ወደ ቀን ትምህርት የሚሸጋገሩባት መለስተኛ ከተማ ናት። ስሟ ከሁሉ ይልቅ በዓለም ጋዜጦች የገነነው ሜይ 15 ቀን 1972 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ብለን ካልለየነው በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) በዚያ ዕለት የአላባማ አገረ ገዢና የዘር መድልዎ ጠበቃ የነበረው ጆርጅ ዋላስ በሎረል የገበያ ማዕከል የምርጫ ንግግር አድርጎ ወደ ሕዝቡ ሲወርድ፣ አርተር ብሬመር የተባለ ወጣት በሽጉጥ አቈሰለው። የሲ ቢ ኤስ ቴሌቪዥን ባለካሜራ ሎረንስ ፒርስ መቅረጹን አላቋረጠም ነበርና ተኩሱም፣ የሰዉ ትርምስም፣ በወደቀው ባልዋ ላይ የተደፋችው ሚስትም በፊልሙ ላይ ቀሩ። ዋላስ በ1998 እስኪሞት ድረስ በእግሩ አልሄደም። ዛሬ በዚያ ገበያ ሸቀጡን ገዝቶ የሚያልፍ ሰው የሆነውን ለማወቅ ቢፈልግ የሚያየው ያንኑ የጥቂት ሰኮንዶች ፊልም ነው።

አንዲት ከተማ በአንድ ሰው ካሜራ እንዲህ ከታወቀች፣ አንድ አገርስ በስንት ሰው ካሜራ ይታወቃል? ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሎረል በምንሰበሰብበት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያም ጓደኞቻችን በሚመጡበት የንባብ ክበብ፣ «ካለፉትም ሆነ ካሉት ታዋቂ ፎቶግራፍ አንሺዎች መካከል ከማን ጋር ተገናኝታችሁ ብትነጋገሩ ትወዳላችሁ?» የሚል ጥያቄ ቀርቦ ነበር። ጥያቄው ለመዝናኛ ያህል የቀረበ ቢመስልም፣ ስሞቹ በተጠሩ ቁጥር ውይይቱ መልኩን እየለወጠ ሄደ። ለምን ቢባል፣ ከተጠሩት ሰዎች አብዛኞቹ በአንድ ወቅት ካሜራቸውን ወደ ኢትዮጵያ ወይም ወደ ልጆቿ ያዞሩ ነበሩ። ስለሆነም ብናገኛቸው የምንጠይቃቸው ስለ ጥበባቸው ብቻ ሳይሆን ስለ ራሳችን ታሪክ ጭምር ሆኖ ተገኘ። ፎቶግራፉን ያነሣው ማን ነው? የተነሣውስ ሰው ስሙ ማን ይባላል? ከዚህ በታች የምናቀርበው በነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ የተሰበሰበ ሐተታ ነው።

በመጀመሪያ የተጠሩት እንግሊዛዊቷ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን ናቸው። እኒህ ሴት በ1815 በካልካታ ተወልደው፣ 48 ዓመት ከሞላቸው በኋላ ልጃቸው በስጦታ ባበረከተችላቸው ካሜራ ሥራ የጀመሩ፣ ቻርልስ ዳርዊንንና ባለቅኔውን ቴኒሰንን ያነሡ፣ በዘመናቸው የተደነቁ ባለሙያ ነበሩ። በጁላይ ወር 1868 በሚኖሩበት በዋይት ደሴት አንድ የሰባት ዓመት ሕፃን ከካሜራቸው ፊት ቀረበ። ሕፃኑ ደጃዝማች ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ነበር። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ አፕሪል 13 ቀን መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው ሞተዋል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ በሜይ ወር መንገድ ላይ ዐርፈዋል። እንግዲህ ይህ ፎቶግራፍ ሲነሣ ሕፃኑ እናቱን ካጣ ገና ሁለት ወር ገደማ ነበር ማለት ነው። አጠገቡ የቆሙት ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲ ናቸው። በአገራችን «ባሻ ፈለቀ» ይባሉ የነበሩት እኒህ ግዙፍ እንግሊዛዊ የሐበሻ ልብስ ለብሰው፣ ጦርና ጋሻ አስይዘዋቸው ተነሥተዋል። አገሩን የተነጠቀው ሕፃን በሐዘን ተቀምጦ፣ አገሩን ሊወጋ የመጣው ጦር መኮንን የዚያኑ አገር ልብስ ለብሶ ይታያል። የዚያን ዘመን የኢምፔሪያሊዝም ጠባይ በአንድ ገጽ ላይ ለማየት የሚሻ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ያገኛል ብለን አናምንም።

ከዚያው ዘመቻ ጋር የእንግሊዝ መሐንዲስ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ተጉዘው እንደነበር መጥቀስ ይገባል። ከባድ መሣሪያቸውን በከብት አስጭነው ተራራውን፣ ሠፈሩን፣ የተፈቱትን አውሮጳውያን እስረኞች አንሥተዋል። የንጉሡ የራሳቸው ፎቶግራፍ ግን የለም፤ መልካቸው የቀረልን በሥዕል ብቻ ነው። የልጃቸው መልክ በብርሃን ታትሞ ሲቀር የአባቱ አልቀረም። ዓለማየሁ በቼልተንሃምና በራግቢ ትምህርት ቤቶች፣ ቀጥሎም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት እንዲማር ተደርጎ፣ በ1879 ገና በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ሞተ፤ በዊንዘር ቤተ መንግሥት ተቀበረ። ዐፅሙ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 እንደገና አልተቀበለውም። በሰው አገር ትምህርት ቤት፣ በሰው ቋንቋ፣ ያለ ዘመድ ስለ መማር ከኛ በፊት ያወቀው እሱ ነውና እመቤት ካሜሮንን ብናገኛቸው የምንጠይቃቸው ስለ መስተዋቱና ስለ ብርሃኑ አይሆንም። በዚያ ቀን ሕፃኑ ተናገረ ወይ? ስፒዲ አማርኛ ያውቁ ነበርና ምን ብሎ እንደነበር ተረጐሙልዎት ወይ? እንላቸዋለን።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ የምናገኘው የቦያጅያንን ቤተሰብ ነው። ቤድሮስ ቦያጅያን የተባሉት አርመናዊ በ1905 ኢትዮጵያ ገብተው የዐፄ ምኒልክ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ። ካህናቱ ይህ ነገር የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ለንጉሡ ቢያመለክቱ፣ ምኒልክ ተቈጥተው እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያስችለውን ነገር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ብለው እንደ መለሱላቸው ይተረካል። ከቤድሮስ በኋላ ልጆቻቸው ሃይጋዝና «ቶኒ» የሚባሉት ቶርኮም በተራቸው ያንኑ ሥራ ያዙ። ስለዚህም የምኒልክ፣ የዘውዲቱና የኃይለ ሥላሴ መልክ በአመዛኙ በአንድ ቤተሰብ እጅ አልፎ ወደኛ ደርሷል ማለት ይቻላል። ዘውዱ፣ ካባው፣ ሰይፉ፣ የመሳፍንቱ ማዕርግ ሁሉ በዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። ገበሬው በነዚያ ፎቶግራፎች ውስጥ ካለ ከኋላ፣ ለዚያውም ደብዝዞ ነው። ይህን ስንል የአርመኖቹን ሙያ ለማቃለል አይደለም፤ ደመወዙን የሚከፍለው ቤተ መንግሥቱ ነበርና ሥራው የከፋዩን ፍላጎት ተከተለ ለማለት ነው። የኖቬምበር 2 ቀን 1930 የዘውድ በዓልም ከዚሁ ከዋሺንግተን የሚታተመው ናሽናል ጂኦግራፊክ በጁን ወር 1931 ባለቀለም ፎቶግራፎች ስላወጣለት፣ አሜሪካ ኢትዮጵያን በቀለም ያየችው በወርቅ ተለብጣ ነው።

ፎቶግራፍ ዘውድ እንደሚያስጌጥ ሁሉ ዘውድ ለማውረድም ያገለግላል። በ1916 ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል ተብለው ሲወነጀሉ፣ ጥምጣም አድርገው የሚያሳይ ፎቶግራፍ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ፎቶግራፉ እውነተኛ ነው ወይስ ተቀጣጥሎ የተሠራ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ልጅ ኢያሱ በመስቀል በዓል፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። ያንን ፎቶግራፍ በጨለማ ክፍል ውስጥ ያጠበውን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ብናገኘው ሌሊቱ ሲነጋም አንለቀውም ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ስም የአልፍሬድ አይዘንስታት ነው። አንባቢዎቻችን ይህን ሰው ስሙን ባያውቁት እንኳ ሥራውን ያውቁታል። በኦገስት 1945 ጦርነቱ ባበቃበት ቀን በኒው ዮርክ አደባባይ አንድ ባሕረኛ ነጭ የለበሰችን ሴት ሲስም ያነሣው እሱ ነው። አይዘንስታት በ1898 የተወለደ ጀርመናዊ አይሁዳዊ ሲሆን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘምቶ በ1918 በሁለቱም እግሮቹ ላይ ቈስሏል። በ1933 በጄኔቭ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ስብሰባ ላይ የናዚውን የፕሮፓጋንዳ ሹም ጎብልስን አነሣው፤ ከዚያ ፎቶግራፍ የሚወጣው የጥላቻ ዐይን ዛሬም ያስደነግጣል። በ1935 ደግሞ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ሊገባ ሲያደባ ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ 3,500 ያህል ፎቶግራፎች አነሣ። ከነዚህም ውስጥ ገንኖ የወጣው የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር እግር ነው፤ ጫማ ያልነካው፣ የተሰነጣጠቀ፣ በጭቃ የደረቀ የሁለት እግር መርገጫ።

ስለዚህ ፎቶግራፍ በክበባችን ውስጥ ሁለት አሳብ ቀርቧል። አንዱ ወገን፣ ፎቶግራፉ ባዶ እግሩን ታንክና መርዝ ጋዝ ሊገጥም የተነሣን ሕዝብ ጀግንነት ያሳያል ይላል። ሌላው ወገን፣ ሰውን ያለ ፊት፣ ያለ ስም፣ በእግሩ ብቻ ማሳየት ለአውሮጳ አንባቢ የኋላ ቀርነት መታወቂያ ከማቅረብ አያልፍም ይላል። እኛ ወደ ሁለተኛው ብናዘነብልም አንድ ነገር አጠራጥሮናል። ሁለት እግሩ ቈስሎ ለብዙ ጊዜ መራመድ ያቃተው የቀድሞ ወታደር፣ ጦርነት ሊገባ ያለን የሌላ ወታደር እግር ሲያይ ያየው ነገር ከንቀት የራቀ ሊሆን ይችላል። ይህን ከሱ ከራሱ መስማት እንወድ ነበር። የዚያን ወታደር ስም ጠይቆ እንደሆነም እንጠይቀዋለን፤ ፎቶግራፉ የታወቀው ያለ ስም ነውና።

ከዚያ በኋላ የመጡት የኢጣልያ ወታደሮች ያነሡትን ግን ማን ልናገኝ ይወዳል? የተሰቀሉትንና የተቈረጡትን ራሶች እየሣቁ አጠገባቸው ቆመው ለቤተ ሰባቸው መታሰቢያ እንዲሆን አነሡ። ከድል በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት እነዚያኑ ፎቶግራፎች ሰብስቦ የፋሺስቱን ወንጀል ማስረጃ አድርጎ አሳተማቸው። ራሱን በራሱ ያጋለጠ ወንጀለኛ እንዲህ አይገኝም። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ በየቀኑ ወደምንመላለስባት ወደ ዋሺንግተን እንመለስ። በዚህች ከተማ ዩ በሚባለው መንገድና በዘጠነኛው መንገድ መገናኛ አካባቢ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶቻቸውን ከፍተው ሠፈሩን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ሲያሰኙት ብዙዎቻችን ዐይተናል። በዚያው መገናኛ፣ በዩ መንገድ ቁጥር 900፣ በ1911 አዲሰን ስከርሎክ የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ፎቶ ቤት ከፍተው እንደነበር የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስከርሎክ በ1883 በሰሜን ካሮላይና ተወልደው በ1900 ወደ ዋሺንግተን የመጡ ሲሆን፣ እሳቸውና ልጆቻቸው ሮበርትና ጆርጅ ሠርገኛውን፣ ተመራቂውን፣ ሐኪሙን፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበሩን፣ የሠፈሩን ነጋዴ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አነሡ። ዱ ቦይስና ዱክ ኤሊንግተን ከካሜራቸው ፊት ተቀምጠዋል። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ፎቶግራፍ አንሺ ሆነው ለረጅም ዘመን አገልግለዋል።

እኛን የሚገርመን የታዋቂዎቹ ሳይሆን የሌሎቹ ነው። ነጩ ጋዜጣ ጥቁሩን የሚያነሣው ወይ ሲታሰር ወይ ሲዘፍን በነበረበት ዘመን፣ በስከርሎክ ፎቶ ቤት መስኮት ላይ የአንድ አስተማሪ ፊት በክብር ተሰቅሎ ይታይ ነበር፤ እዚያ መስኮት መውጣት ራሱ ማዕርግ ነበር ይባላል። የነዚያ ሰዎች ስም፣ የተነሡበት ቀን፣ የኔጋቲቩ ቁጥር በመዝገብ ተይዟል። አባትየው በ1964 ሞቱ፤ ልጃቸው ሮበርት በ1994 ካረፉ በኋላ ከ200,000 በላይ የሚሆነው ኔጋቲቭ በ1997 ወደ ስሚዝሶንያን የታሪክ ቤተ መዘክር ገባ። ዛሬ አንድ የዋሺንግተን ልጅ ሄዶ የቅድመ አያቱን ፊት መፈለግ ይችላል። የጎንደር ልጅ፣ የደሴ ልጅ፣ የደብረ ማርቆስ ልጅ የት ሄዶ ይፈልግ? ስከርሎክን ብናገኛቸው መዝገባቸውን እንዴት እንደያዙ ከገጽ አንድ ጀምረው እንዲያስተምሩን እንለምናቸዋለን።

ጎርደን ፓርክስም በዚህችው ከተማ ነው የተፈተኑት። በካንሳስ በ1912 የተወለዱት ፓርክስ በ1942 የገጠሩን ድህነት በፎቶግራፍ ይመዘግብ በነበረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሊሠሩ ወደ ዋሺንግተን መጡ። አለቃቸው ሮይ ስትራይከር፣ ካሜራውን እዚህ አስቀምጥና ከተማውን ዞረህ ና አሏቸው። ዞሩ። ምግብ ቤቱ አላስተናግድም፣ ሲኒማ ቤቱ አላስገባም፣ ሱቁ አልሸጥም አላቸው። በቍጣ ሲመለሱ በዚያው ሕንፃ በሌሊት የምታጸዳ ሴት አገኙ። ስሟን ጠየቋት፤ ኤላ ዋትሰን ትባላለች። ታሪኳን ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ ነው መጥረጊያና መወልወያዋን አስይዘው በትልቁ የአሜሪካ ባንዲራ ፊት አቁመው ያነሧት። ፓርክስ በዚያ አልበቃቸውም። ቤቷ ድረስ ሄደው ልጆቹን፣ ጸሎት ቤቷን፣ ማዕዷን ለሳምንታት አነሡ። ዛሬም ከመካከላችን መወልወያ ይዘው በዋሺንግተን ቢሮዎች የሚያመሹ አሉና ይህ ፎቶግራፍ ለኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ፓርክስ በ2006 እስኪያርፉ ድረስ ፎቶግራፍ አንሺም፣ ደራሲም፣ የፊልም ባለሙያም ሆነው ኖሩ። ከጥያቄዎቻችን ሁሉ በፊት ለሰውየው ምስጋና እናቀርብ ነበር፤ ካሜራውን ከማንሣት በፊት ስም ጠይቀዋልና።

ስም መጠየቅ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃችኋል የሚል ሰው ቢኖር የወሎን ነገር ያስታውስ። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ በረኃብ ሲረግፍ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነገሩን ሸሽጎ ይዞት ነበር። በዚያ ዓመት፣ ከክረምቱ በፊት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሧቸውን ፎቶግራፎች ይዘው ተመለሱ፤ ፎቶግራፎቹም በግቢው ውስጥ ለእይታ ቀረቡ። ተማሪው ተራ ይዞ አየ፤ ዝምታው የተሰበረው እዚያ ነው። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረኃብ» የሚለውን ፊልም በቴሌቪዥን ያቀረበው ኦክቶበር 18 ቀን 1973፣ ማለትም ከወራት በኋላ ነው። ለዓለም ያልታወቀው ረኃብ ለአዲስ አበባ ተማሪ የታወቀ ነበር። ሆኖም በታሪክ መጻሕፍት የዲምብልቢ ስም በደማቁ ሲጻፍ፣ የመምህራኑ ፎቶግራፍ በአንድ አንቀጽ ይታለፋል። የዲምብልቢን ሥራ ዋጋ ለመቀነስ አንሻም፤ የብዙ ሰው ነፍስ ያተረፈ ርዳታ አስገኝቷል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ሰው የኢትዮጵያን ችግር በገዛ ካሜራው አንሥቶ ለገዛ ወገኑ ያሳየበትን ይህን ጊዜ ሌላው ቢዘነጋው የተማሪው ኅብረት ሊዘነጋው አይገባም።

የዲምብልቢ ፊልም ኋላ የገጠመው ዕጣ ደግሞ ለብቻው ትምህርት ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ፊልሙን በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው፤ ግን እንዳለ አልነበረም። በሚሞተው ሕፃንና በቤተ መንግሥቱ ግብዣ መካከል እየቆረጠ ቀጣጠለው። በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። ያየው ሁሉ እውነት ነበር፤ ረኃቡም እውነት፣ ግብዣውም እውነት። ይሁን እንጂ መቀሱን የያዘው እጅ ለወሎ ሕዝብ አስቦ እንዳልነበረ ለማወቅ ዐሥር ዓመት በቂ ሆነ። በሴፕቴምበር 1984 ያው ደርግ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመትና የፓርቲውን ምሥረታ በታላቅ ወጪ ሲያከብር፣ ሌላው ረኃብ ከበዓሉ መጋረጃ ኋላ ተሸሽጎ ነበር።

መጋረጃውን የቀደደው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ነው። በ1943 ናይሮቢ የተወለደው አሚን በኦክቶበር 1984 ከቢ ቢ ሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ጋር ኮረም ገብቶ የቀረጸው ፊልም ኦክቶበር 23 ታየ፤ በመቶ የሚቈጠሩ የዓለም ጣቢያዎችም ተቀባበሉት። የሙዚቀኞቹ መዋጮና የጁላይ 13 ቀን 1985 ታላቁ ኮንሰርት ከዚያ የመጡ ናቸው። አሚን ከኛ አገር ጋር የነበረው ግንኙነት በዚያ አላበቃም። በጁን 1991 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። አሚን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ሥራው ተመለሰ። በኖቬምበር 23 ቀን 1996 ደግሞ የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከሞቱት 125 ሰዎች አንዱ ሆነ።

ለዚህ ሰው ያለን አክብሮት ትልቅ ነው፤ ጥያቄያችንም በዚያው ልክ ይከብዳል። ከኮረም የወጣው ፊልም የስንቱን ሕይወት እንዳተረፈ እናውቃለን። የዚያኑ ያህል፣ በአሜሪካ ትምህርት ቤት የገባ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ለዓመታት «ከረኃቡ አገር» እየተባለ በዚያ ፊልም ሲታወቅ መኖሩንም እናውቃለን። ቀጥሎ ታላቁ ብራዚላዊ ሰባስትያኦ ሳልጋዶም በ1984 እና በ1985 እዚያው ኮረም ድረስ ሄዶ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ውበታቸው የማይካድ ነው፤ እሱም በ2025 ዐረፈ። በንጉሡ ፎቶግራፍ ሥር የእያንዳንዱ መስፍን ስምና ማዕርግ ተጽፎ እናገኛለን፤ በኮረሙ ፎቶግራፍ ሥር ግን የሚነበበው የአንሺው ስም ነው። ነጠላዋን በሕፃኗ ላይ የሸፈነችው እናት ስም ነበራት። የአጥቢያዋ፣ የባሏ፣ የታቦቷ ስም ነበራት። አሚን ስዋሂሊም እንግሊዝኛም ይናገር ነበር፤ የኮረም ሰው ደግሞ አማርኛና ትግርኛ። በመካከላቸው የቆመው አስተርጓሚ ማን ነበር? እሱንም አብረን ብናገኝ በወደድን።

እስካሁን ከጠራናቸው ሁሉ ለእኛ የሚቀርቡት ግን አቶ ሽመልስ ደስታ ናቸው። ከ1963 ጀምሮ የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት፣ የውጭ ነገሥታት ሲመጡ ሲሄዱ አነሡ። ንጉሡ ሲወርዱም ካሜራቸው አልወረደም፤ ያንኑ አዳራሽና ያንኑ ደረጃ በአዲስ ሹማምንት ተሞልቶ አነሡት። በ1982 ተሰደው ለንደን ሲገቡ ኔጋቲቮቻቸውን ይዘው ገቡ። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ሥራቸው እዚያው ለንደን ለሕዝብ ታየ።

ስደተኛ ከአገሩ ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል? ከመካከላችን ዲፕሎማውን የያዘ አለ፣ የእናቱን መስቀል የያዘ አለ፣ ባዶ እጁን የወጣ አለ። ሰውየው የያዙት የሌሎች ሰዎችን ፊት ነው። ከንጉሡ ጎን ቆመው ከሚታዩት ሚኒስትሮችና የጦር መኮንኖች ስንቶቹ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ያለ ፍርድ እንደ ተረሸኑ ስናስብ፣ አንድ ጥቅል ኔጋቲቭ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ይገባናል። የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት አንናፍቅም፤ የመጽሔታችን አንባቢዎችም አብዛኞቹ አይናፍቁትም። ነገር ግን ሥርዓትን መቃወም አንድ ነገር ነው፤ የታሪክ ማስረጃን ማጥፋት ሌላ ነገር ነው። እኒህ ሰው የሁለቱንም መንግሥታት መልክ በአንድ ዐይን ያዩ ናቸውና አጠገባቸው ተቀምጠን እያንዳንዱን ፎቶግራፍ እያነሣን የምንጠይቃቸው ከዳር ስለቆሙት ይሆን ነበር። ይህ ጃንጥላ የያዘው ማን ነው? በሩ ላይ ያለው ዘበኛስ? ከኋላ ትሪ የያዘችው ሴት ስሟ ማን ነበር? የንጉሡን ስም የሚረሳ የለም።

ከኋለኛው ትውልድ አይዳ ሙሉነህን ሳንጠቅስ አናልፍም። በ1974 አዲስ አበባ ተወልደው በስደት ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወሩ ያደጉት እኒህ ሴት በ2000 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው፣ በዋሺንግተን ፖስት ጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነው ሠርተው፣ ወደ አገር ቤት ተመልሰው በ2010 የአዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረቱ። ማለትም ስከርሎክ በሠሩበት ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ ፓርክስ በተፈተኑባት ከተማ ሠርተው፣ ካሜራውን ወደ አገር ቤት ወሰዱት። እሳቸውን ማግኘት እንደ ሌሎቹ ሕልም አይደለምና ጥያቄያችንን በደብዳቤ ማድረስ ይሻላል።

በመጨረሻ የምናነሣቸው ታዋቂ አይደሉም፤ ውይይታችን ግን እየዞረ የደረሰው እነሱ ዘንድ ነው። በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ በ2010 የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ቤተ መዘክር ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በፎቶግራፍ የተሸፈነ ክፍል አለው። ፎቶግራፎቹ በአመዛኙ የመታወቂያ ልክ ናቸው፤ አፍሮ ያበጠሩ ወንዶች፣ አንገታቸውን ቀና ያደረጉ ሴቶች፣ የተማሪ ኮት የለበሱ ልጆች። ሲነሡ ለሰማዕትነት አልነበረም፤ ለትምህርት ቤት መታወቂያ፣ ለሥራ ማመልከቻ፣ ለጓደኛ ለመስጠት ነበር። በዚህ ግድግዳ ላይ የተነሣው ሰው ስም ተጽፏል። ያነሣው ሰው ስም የለም።

አንሺዎቹ የፒያሳ፣ የመርካቶ፣ የደሴ፣ የጎንደር፣ የባሕር ዳር የፎቶ ቤት ባለቤቶችና ሠራተኞች ናቸው። መጋረጃውን ሰቅለው፣ ማበጠሪያና መስተዋት በር ላይ አስቀምጠው፣ ክራቫት ለሌለው ክራቫት አውሰው፣ «አገጭህን ዝቅ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ አትንቀሳቀስ» ብለው አነሧቸው። አንዳንዱ ፎቶ ቤት ኔጋቲቩን ለብዙ ዓመት አስቀምጦ «ድጋሚ የሚያሳትም ካለ» ይል ነበር። ልጁ ካልተመለሰ በኋላ እናቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጥታ አንድ ቅጂ ስትጠይቅ ያንን ኔጋቲቭ ፈልጎ ያወጣው እሱ ነው። ለሐዘን ቤት ትልቅ አድርጎ ማተም በሚያስጠይቅበት ዘመን ያተመም፣ ፈርቶ ያቃጠለም ነበር። የትኛው ምን እንዳደረገ የሚነግረን እነሱ ብቻ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል።

በሎረል፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ በየቤታችን ባሉት አልበሞች ውስጥ የነዚህ ሰዎች ሥራ አለ። አብዛኛው ፎቶግራፍ በጀርባው የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ አንዳንዴም የመዝገብ ቁጥርና በእስክሪፕቶ የተጻፈ ቀን አለበት። አንባቢዎቻችን አልበማቸውን አውጥተው ፎቶግራፉን ከጀርባው እንዲያነቡልን፣ የፊቱንም የጀርባውንም ቅጂ አንሥተው፣ የተነሣው ሰው ስም፣ ከተማውና ዓመተ ምሕረቱ ከሚታወቅ ማስታወሻ ጋር ለክበባችን እንዲልኩልን እንጠይቃለን። ማኅተሙ የደበዘዘውን ቀን ብርሃን ላይ በሰያፍ ይዞ ማየት ይረዳል።